ዘንድሮም ቀደምከን

ይድረስ ወፍ ሲያይ ሰላምታ ለሚረሳው ባሌ፣ ለአበራዬ፤

ከተለያየን ዓመት ሞላን። ሙት ዓመትህን ባለፈው ሳምንት አሰብን። ዝናቡ ድንኳኑን ሊነቅለው ደርሶ ነበር፣ ግን ሰው አልቀረም። ከሉንም አወለቅኩ። ጥቁሩን ቀሚስ አጥቤ ሽቦው ላይ ካሰጣሁት ወዲህ ግን ቁጭ ማለት አቅቶኛል። ወጥ እጀምርና ጥዬው እወጣለሁ፤ በር ድረስ ሄጄ ለምን እንደሄድኩ ይጠፋኛል። ይህንንም የምጽፍልህ እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነውና ፊደሉ ቢንጋደድ እንዳትስቅብኝ።

ቤታችን ያው ነው። ጣሪያው አሁንም የሚያፈሰው በዚያው በጓዳ በኩል ነው፤ እጠግነዋለሁ እያልክ የሄድክበት። ከማዶ የነበረው ባዶ መሬት ላይ ፎቅ ተጀምሯል፤ ከበራችን ቆመን እናየው ከነበረው የጭላሎ ተራራ አሁን የቀረልን ግማሹ ነው። ልጃችን ምሕረት አዳማ ወስዳ ልታኖረኝ ትለፋለች። ሙቀቱን አልችልም እላታለሁ፣ እውነተኛው ምክንያት ግን ሙቀቱ አይደለም። ስልክህንም ለልጄ ስጪኝ ብላኝ ነበር። እሺም እምቢም ሳልል ጋቢህ ሥር ሸሸግኩት። ወንድምህ ደግሞ ያው እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ብቅ ይላል።

ይህን ስል ተቆጥተህ ስትነሣ ይታየኛል። የወፉን ስም በከንቱ አታጥፉ ትል ነበር። ወፉ የትም አይሄድም፤ ዓመቱን ሙሉ እዚሁ እኛው መሐል፣ ቡናማ ለብሶ፣ ከድንቢጡ ጋር እህል ሲለቅም ይከርማል፤ ሰው ግን አያውቀውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው ወንዱ ጥቁሩን ለብሶ፣ ትከሻውን ቢጫ አድርጎ አደባባይ የሚወጣው። ያኔ ሁሉም መጣ ይላል። "መጣ አይባልም፣ ለበሰ ነው የሚባለው" ብለህ ስንቱን ሰው ከሰርግ ድግስ ላይ አስነሥተህ ተከራክረሃል። እኔም እጅህን እየጎተትኩ ቁጭ በል፣ ሰው እየሳቀብን ነው እልሃለሁ።

ምን ይደረግ፣ ያገባሁት የኮምባይነር ሾፌር ነው ብዬ ነበር እንጂ የወፍ ጠበቃ መሆንህን ማን ነግሮኝ? ዲክሲስ ላይ የሰው ስንዴ ስታጭድ መኪናውን መሐል ማሳ አቁመህ የወረድክበትን ቀን ታስታውሳለህ? ባለማሳው ሞተሩ የተቃጠለ መስሎት እየሮጠ መጣ። አንተ ግን የወፍ ጎጆ አይተህ ነው። ዙሪያዋን ሳታጭድ አልፈህ፣ ለቀረው ስንዴ ከሒሳብህ ይቀነስ አልከው። ማታ ስትነግረኝ እኔ ተናደድኩ፣ አንተ ግን በጎጆዋ ውስጥ ስላሉት ጫጩቶች ታወራልኛለህ። ዝዋይ ሐይቅ ዳርም ሽመላ ላሳይሽ ብለህ ወስደኸኝ ጭቃው ጫማዬን ሲውጠው፣ አንድ እጅህ ጫማዬን ይዞ ሌላው ወደ ሰማይ ይጠቁም ነበር። ሽመላዋን ያየኋት በአንድ እግሬ ቆሜ ነው።

እንግዲህ ዋናውን ልንገርህ። የወፍ ጓደኞችህ የቴሌግራም ግሩፕ አንተ ከሄድክ ወዲህ እንደ ተዘጋ ሱቅ ሆኗል። ድሮ ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ያ ስልክ ሲንጫጫ እንዴት ያናድደኝ እንደነበር ታውቃለህ። ከኢተያ እህል ነጋዴው ሐጂ ከድር፣ ሐይቁ ዳር የምታስተምረው ሐዊ፣ ከዲክሲስና ከአቦምሳ ደግሞ ፊታቸውን የማላውቃቸው ሰዎች፣ ሽመላ አየሁ፣ ዳክዬ ወረደ ሲባባሉ ይውላሉ። ውድድሩ ግን አንድ ነበር፦ ጥቁሩን የለበሰውን የመስቀል ወፍ ማን ቀድሞ ያያል? ያየው "የምሥራች!" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው ሁሉ "ምስር ብላ" ይለዋል።

ምስር ብላ ማለት የአፍ ነው፤ ምስሩን የሚያመጣ ማንም የለም። ነገሩን ያበላሹት ሐጂ ከድር ናቸው። በመጀመሪያው ዓመት ምስር ብላ ብለውህ፣ በሳምንቱ ግማሽ ጆንያ ምስር አስጭነው በራችን ላይ ቆሙ። የእህል ነጋዴ በእህል አይቀልድም አሉን። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ ቀድሞ ላየ ምስር ይመጣለታል። አንተ ደግሞ አብዛኛውን ዓመት ትቀድማለህ። ምስር እንደማልወድ እያወቅክ! ቃር እንደሚያነሣብኝ እያወቅክ! ሰፈሩን ሁሉ ምስር አብልቼ ቤታችን ከምስር አልጸዳም።

ያን ቀን መርዶህን ግሩፑ ላይ የጻፈችው ሐዊ ናት። እኔ ለቅሶው ላይ ስልክህን ጨብጬ ተቀምጬ ነበር፤ ለምን እንደጨበጥኩት አላውቅም። ጽሑፉ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ከሐጂ ከድር መልስ መጣ። "ምስር ብላ አበራ! ዘንድሮም ቀደምከን!" ይላል።

ወቅቱ የወፉ ወቅት ነው። መጋዘናቸው ውስጥ ሆነው፣ መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ ስምህን ብቻ አይተው እንደ ልማዳቸው መለሱ። ወዲያው አጠፉት፣ እኔ ግን አይቼዋለሁ። አበራዬ፣ ሳቅኩ። በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሐል ሳቄ አመለጠኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሴቶቹ ሲቃ መስሏቸው ደግፈው ያዙኝ፣ እኔም እጃቸው ላይ እያለሁ እውነተኛው ለቅሶ መጣ። ስንቱ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ ጻፈ፣ ስንቱ ያጽናሽ አለኝ። ልቤ ውስጥ የገባው ግን በስህተት የተጻፈው ነው። ቀድመኸናል፤ ሌላ ምን ይባላል?

ሐጂ ቀብርህ ላይ መጥተው ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሙ። ዓይኔን ማየት አልቻሉም። ለሐዊ "ያ ረቢ፣ ይህን አፌን ምን ልበለው" እያሉ እንዳለቀሱ ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ አንዲት ቃል አልጻፉም። እሳቸው ዝም ሲሉ ሌላውም ፈራ። ያለፈው መስቀል ያለ የምሥራች አለፈ። ሐዊ ብቻ አልፎ አልፎ ከሐይቁ ዳር የሽመላ ፎቶ ታወጣለች፣ እሷም የሰው ቤት በር ቀስ ብሎ እንደሚያንኳኳ እንግዳ፣ ምንም ሳትጽፍበት።

ዛሬ ጠዋት ያ ቀሚስ ዝናብ እየደጋገመው አልደርቅ ስላለኝ ላነሣው ወጣሁ። ሽቦው ጫፍ ላይ፣ ከቀሚሴ አጠገብ፣ አንድ ወፍ ተቀምጧል። ጥቁር ነው፤ ትከሻው ቢጫ። እኔ ያወለቅኩትን እሱ ለብሶታል። እሱ ግን ጥቁር የሚለብሰው ሚስት ለማግኘት ነው፤ አንተው ነህ የነገርከኝ። ቆሜ አየሁት፣ አየኝ፣ ላባውን ነፋ አድርጎ ከጓሯችን ወዳለው የስንዴ ማሳ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ያሳለፍኩትን ረፋድ አትጠይቀኝ። ስልክህን ከጋቢው ሥር አወጣሁ። የምሥራች ብዬ ጻፍኩና አጠፋሁት። ደግሞ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋሁ። ከዚህ ስልክ ሲላክ ስምህ ነው የሚወጣው፤ ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ደንግጠው አንድ ነገር ቢሆኑስ? የሙት ሚስት ከሏን ባወለቀች በሳምንቷ የምሥራች አለች ቢሉኝስ? ግቢውን ዞርኩ። የታጠበ ድስት አጠብኩ። ዝም ብል ደግሞ ግሩፑ በዚያው ዝም እንዳለ ይቀራል፤ ሽማግሌውም ያቺን ቃል እንደታቀፉ መቃብር ይወርዳሉ፤ ያንተም ስም ሰው ሊያነሣው የሚፈራው ስም ይሆናል። ይህን አልወደድኩትም። ከምስሩም የባሰ አልወደድኩትም።

ላክሁት። "የምሥራች! እኔ ነኝ፣ ዘነበች፣ የአበራ ሚስት፤ አትደንግጡ። ወፉ ለብሷል። አሰላ፣ ልብስ ማስጫዬ ላይ።"

መልስ እስኪመጣ ድስቷን ለሦስተኛ ጊዜ አጠብኳት። መጀመሪያ ሐዊ "ዱፌ!" አለች፤ መጣ ማለቷ ነው። መጣ አይባልም ልላት ነበር፣ ተውኳት። ከዲክሲስ ምስር ብዪ፣ ከአቦምሳ ምስር ብዪ። ከኢተያ ግን ዝም። አላስችል አለኝና እንደገና ጻፍኩ፦ "ሐጂ፣ ያን ቀን የጻፉት ስህተት አልነበረም፤ አበራ ቀድሞናል። እኔ ግን ምስሬን እፈልጋለሁ።"

በጽሑፍ አልመለሱም። ድምፃቸውን ላኩ። ከኋላቸው ጆንያ ሲራገፍ ይሰማል። ጉሮሯቸውን ደጋግመው ጠራረጉ፣ አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ከዚያ የተሰበረ ድምፅ መጣ፤ "ምስር ብዪ እህቴ። ቅዳሜ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ ግማሽ ጆንያ ነው፣ ከዚያ አላንስም።"

አበራዬ፣ ቃሩም ቢያነሣብኝ እበላዋለሁ። ስልክህን ለማንም አልሰጥም፤ አዳማም አልሄድም። በሕይወት እስካለሁ ክረምት ሊወጣ ሲል አጥር አጥሩን አያለሁ፤ ሰው ከቀደመኝ ምስር እወስድለታለሁ፣ እኔ ከቀደምኩ በስምህ የምሥራች እላለሁ። ዓመቱን ሙሉ ሰው ባያይህም እዚሁ መሐላችን እንዳለህ አድርጌ አስብሃለሁ፤ ያስተማርከኝ ይህንኑ አይደል?

ስልክህ ሲንጫጫ ዋለ። አላናደደኝም። ዘንድሮ የቀደምኩት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ምስር ብዪ አሉኝ። ያንተ ብቻ ቀረ።

ዘነበችህ