ለምርመራ ስለተጠራችው የወይዘሮ ዳሃባ ፍየል

ለጓድ ውድነህ
የበረሃ እንስሳት ምርምር ጣቢያ ኃላፊ
አሰብ
ሰኔ 1975 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ጣቢያዎም፣ የጣቢያዎ ቁልፍም እንደምን ሰንብታችኋል? እኛ የአጥር ጎረቤቶችዎ ከሙቀቱና ከእርስዎ ዝምታ በቀር ደህና ነን። እኔ ከደሴ ተመድቤ የመጣሁ የአማርኛ መምህር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፍልዎት ስለ ጎረቤቴ ስለ ወይዘሮ ዳሃባ ፍየል ነው።

አንደኛ፤ በሚያዝያ ወር በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ስለለጠፉልን ማስታወቂያ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ፍየሎች ለምርመራ ስለሚፈለጉ ባለቤቶቻቸው በአስቸኳይ ያቅርቡ» ይላል። ምርምር ለማለት ፈልገው እንደነበር አሁን ገብቶኛል። በዚህ ዘመን ለምርመራ የተጠራ ሰው እንዴት እንደሚያልበው ግን ለእርስዎ አልነግርዎትም። በማግሥቱ በአሰብ ከተማ አንድ ፍየል ቢፈለግ አልተገኘም። ዓሣ ነጋዴው ሐምዳን አራቱን በጀልባ አሳፍሮ ራሔይታ ከላካቸው በኋላ፣ ለጠየቀው ሁሉ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል ይላል።

ሁለተኛ፤ መንግሥት ሲጠራ የማትቀረው ወይዘሮ ዳሃባ ብቻ ዓዶ የምትባለውን ነጭ ፍየሏን እየሳበች አቀረበች። የእኔም የሻይ ወተት የሚመጣው ከዚያችው ፍየል ስለነበር፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሻዬን በባዶው እየጠጣሁ ለሳይንስ የበኩሌን ሳበረክት ቆይቻለሁ። ወይዘሮ ዳሃባ ፍየሏ ምን እየተደረገች እንደሆነና መቼ እንደምትመለስ በሩ ላይ ስትጠይቅ፣ ዘበኛዎ ይመር ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው አላት። ዓዶ ባለፈው ዓመት የቀበሌውን መፈክር እስከ ግማሹ መብላቷን የምናውቅ ሰዎች እርስ በርስ ተያየን።

ሦስተኛውን ስጽፍ ሳቄ ይመጣል፤ ያን ዕለት ግን አልሳቅሁም። ወይዘሮ ዳሃባ በየቀኑ ሣርና ካርቶን በዘንቢል ይዛ ስትመላለስ፣ ባለፈው ማክሰኞ ይመር ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ ብሎ መለሳት። ይህ ቃል በሌላ ዓይነት በር ላይ ሲነገር ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሴትየዋ እዚያው ተቀምጣ አለቀሰች፤ ሰፈሩ ተሰበሰበ፤ እኔም ክራቫት አስሬ ለቅሶ ደረስሁ። ሐዘኑ ደርቶ ሳለ ሟቿ ከአጥርዎ ወዲያ ጮኸች።

ለካስ የሚፈለገው ፍየል የአሰብን ጨዋማ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣች ወተት መስጠት አለመስጠቷን ማወቅ ኖሯል፤ ከውጭ የሚመጣ መኖም ውጤቱን ያበላሻል። ይህን የነገረን ለቅሶው ላይ ሊያጽናናን የመጣው ይመር ነው። ሥራው መልካም ሥራ ነው። የውኃችን ጨዋማነት ከእኛ የሚደበቅ ስላልሆነ፣ ምስጢሩ የቱ ጋ እንደሆነ ግን እስካሁን አልደረስንበትም።

ስለዚህ ከታላቅ አክብሮት ጋር የምለምንዎ፣ አንድ እሑድ በሩን አስከፍተው ምን እንደምትሠሩ፣ ለምን እንደምትሠሩ፣ ፍየሏን የሚያማት ነገር ካለም እሱኑ ሳይሸሽጉ እንዲነግሩን ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ቀድማ ብትነገረን ኖሮ የወይዘሮ ዳሃባ እንባ አይፈስም ነበር። ይህንንስ የምለው ከልቤ ነው። ሐምዳንም ቢሆን ፍየሎቹን ከዘመድ ጥየቃ ይመልሳቸው ይሆናል።

ስለ ዝምታዎ ጥልቀት ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ እየነሳሁ፣
ባለ ባዶ ሻዩ ጎረቤትዎ
ሣህሉ

ማስታወሻ፦ ዓዶ ዛሬ ጠዋት አጥሩን ዘላ ቤቷ ገብታለች። እኔ ማስታወቂያዎን ላርም ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ሰሌዳው ጋ ስደርስ፣ «ምርመራ» ከሚለው ቃል ጀምራ እስከ ማኅተሙ በልታው አገኘኋት። ምን ሲያደርጓት እንደከረሙ ብንጠይቃት «ምእእ» ብላናለች፤ ከጣቢያዎ እስካሁን በይፋ የተሰጠን ማብራሪያ ይኸው ብቻ ነው።