የሩት ነጭ ድስት

እሁድ

ስቀንባት አልተቆጣችም፣ ሩት። የእንግሊዝኛ መምህራችን ናት፣ ከለንደን የመጣች። ዛሬ «ፖት» የሚባለውን ቃል ልታስተምረን ነጭ ድስት ይዛ መትናሱ፣ የሰፈሩ ማዕከል ድረስ መጣች፤ ውስጡ በወተት የተቀቀለ ሩዝ። ድስቱም ፖት፣ የሻይ ማፍያውም ፖት፣ የአበባ መትከያውም ፖት። ነገር ሲበላሽ ደግሞ «ወደ ድስት ሄደ» ይላሉ። ሩዙን በላን። አጥቤ ላምጣልሽ ብዬ ድስቱን ወሰድኩት። የእናቷ ነበር።

ማክሰኞ

ድስቱን ጊቫት ሃሞሬ ሰፈር ቤቷ አደረስኩ። ሩት አልነበረችም፣ ባሏ ተቀበለኝ። ባዶ ዕቃ መመለስ ነውር ነው፤ ቀይ የሥጋ ወጥ ከነትኩሱ ሞልቼበታለሁ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ረቡዕ

ልጄ ኦሽሪት ጠዋት፣ «እማ፣ ድስቱ ሰማያዊ ምልክት ነበረው እኮ። ሀላቪ ነው፣ የወተት» አለችኝ።

ክው አልኩ። በአይሁድ ሕግ ሥጋና ወተት እንደማይገናኙ አጥቼው ነው? በገዛ ኩሽናዬ ቀይ ለሥጋ፣ ሰማያዊ ለወተት ለይቻለሁ። የሃይማኖት ዳኞቹ ራቦች ፊት ይህንኑ ተጠይቄ መልሻለሁ። ጊዩር፣ ወደ አይሁድነት የመመለሻውን ሥርዓት፣ ከጨረስኩ ዓመት አልሞላኝም። «ድሮም ክርስቲያን ነበሩ» ይሉኛል። ሥራ ቦታ ቀና ብዬ ሰው ማየት አቃተኝ።

ሐሙስ

ሩት ደወለች፣ አላነሳሁም። ደግማ ስትደውል አነሳሁ።

«ለምን ሞላሽው?» አለች ቀስ ብላ። በእኛ ዘንድ ዕቃ ባዶ አይመለስም አልኳት።

ራቡን ጠይቃለች። ወጡ ሲገባበት ቀዝቃዛ ከነበረ ድስቱን ማጠብ ይበቃል። ትኩስ ከነበረ ግን እንዲህ ያለው ባለ ቅብ ድስት በፈላ ውኃም አይነጻም፣ ከእንግዲህ አይበሰልበትም። «የቱ ነበር?» አለችኝ።

ቀዝቃዛ ማለት ምን ይከብዳል? ማን አየኝ? ግን ልጆቿ ይበሉበታል።

«ሲንተከተክ ነው የገለበጥኩት» አልኩ።

«እሺ» ብላ ዘጋች። አለቀስኩ።

እሁድ

ትምህርት ልቀር ነበር፣ ኦሽሪት ገፋፍታ ላከችኝ። ከኋላ ተቀመጥኩ። ሲያልቅ ሩት ጠራችኝ።

«እኔ ብሆን ቀዝቃዛ ነበር እል ነበር» አለች። ትቀልድ አትቀልድ አላወቅሁም።

ከጠረጴዛው ሥር ነጩን ድስት አወጣች። አፈር ሞልታ ናና ተክላበታለች።

«ውሰጂው። ባዶ አይደለም» አለች።

ድስቱን አቅፌ በአውቶቡስ ወደ ቤቴ፣ አፉላ ኢሊት ወጣሁ። ፊቷን አሁንም ቀና ብዬ አላየሁትም። ናናውን ግን ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ውኃ አጠጣሁት።