ጥቁሩን ፓራፋንጎ አልቀባም

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ወገብዎን ከወንበርዎ፣ ወንበርዎንም ከወገብዎ ሳይለይ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ የጤና ጣቢያው ሾፌር ነኝ፤ ያቺ ባለፈው ሳምንት ሰሌዳዋን ያስፈቱባት ነጭ ላንድክሩዘር ነጂ። ጥፋቷ ከጎማዎቹ በላይ ያሉት አራት ፓራፋንጎዎች ጥቁር ፕላስቲክ መሆናቸው ነው። በመዝገብዎ ላይ ሙሉ ነጭ ተብሎ ስለተጻፈ፣ ወይ አስቀባ ወይ አቁም ብለው አዘውኛል። ላደረጉልኝ መልካም መስተንግዶ እያመሰገንኩ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ አምናም ይህንኑ ሲያዙኝ እንቢተኛ እንዳልባል አስቀብቼ ነበር። ቀቢው በዚህ ፕላስቲክ ላይ ቀለም አይበረክትም ብሎ እየሳቀ ቀባልኝ። ወደ ወንዙ የሚወስደውን ኮረኮንች አንድ ቀን ደርሼ ስመለስ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ተልጦ አገኘሁት፤ የእርስዎ ሠራተኛም መንገድ ላይ አስቁሞ መኪናዋ ዥጉርጉር ናት ብሎ ቀጣኝ። ጥቁር ሲሆን ጥፋት፣ ነጭ ሲሆን ጥፋት፤ እንግዲህ የት ልግባልዎ ጌታዬ?

ሁለተኛ፣ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከፋብሪካ የወጣው እንዲሁ ነው። ጠጠር ሲፈናጠርበት ይችላል፣ ቁጥቋጦ ሲቧጭረው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወልና ያልፍለታል። ሙሉ ነጭ ማለት የግድ ሙሉ ነጭ ከሆነ ግን፣ ጎማዎቹም ጥቁር ናቸውና እነሱን የማስቀባበትን ፈቃድ በደብዳቤ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ሦስተኛው ላይ ቀልድ የለኝም። መኪናዋ ከቆመች ዘጠኝ ቀኗ ነው። አዋላጇ ታላቅ እህቴ ናት፤ ቦርሳዋን አንግታ ወንዝ ማዶ በእግሯ ትመላለሳለች። ማክሰኞ ዕለት አንዲት የበኩር ልጇን የምታምጥ ሴት በቃሬዛ ሲያመጡልን እመንገድ ላይ፣ ድንጋይ ካብ ሥር ወለደች። ሁለቱም ተርፈዋል፣ እሰየው። እህቴ ግን እጇን እየታጠበች፣ የሚቀጥለውን አልችልም ብላኛለች። ማዶ ቀናቸውን የሚጠብቁ ሰባት ነፍሰ ጡሮች አሉ። ይህንን ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ፤ አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ሆነና ሦስቴም መዝገቡን አሳዩኝ። ተናድጃለሁ፤ ይህንንም በጽሑፍ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ።

ስለዚህ ውሳኔዬን ላሳውቅዎ። አልቀባም። የተረፈውን ነጭ ቀለም ትናንት በቢላ ፍቄ ጨርሻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳዬን ልረከብ እመጣለሁ፤ ካልሰጡኝ ደግሞ ያለ ሰሌዳ ወንዙን እሻገራለሁ። ማሰር ከፈለጉ መንገዱ አንድ ብቻ ስለሆነ አልጠፋብዎትም፤ እግረ መንገድዎንም የሚያምጡትን ያያሉ።

ወንበርዎን እያከበርኩ፣ ሰሌዳዬን እየጠየቅሁ፣
መዝገብዎ ያልወደደው ታዛዥዎ፣
የጤና ጣቢያው ሾፌር

ማስታወሻ፦ ግቢዎ ውስጥ ጥላ ሥር የምትቆመውን የእርስዎን ላንድክሩዘር አየኋት። ፓራፋንጎዋ ነጭ ተቀብቷል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጭረት እንኳ አላገኘውም። ቀለም የሚበረክተው ከአስፋልት ላልወረደ ሰው መሆኑን ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።