የአንድ ጆሮ የስርጭት መብት ስንት ነው?

ለተከበሩ የኮሌጆች ስፖርት ሊግ ሰብሳቢ
ጎንደር፣ ግንቦት 2005 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ቤተሰብዎም የሚቀመጡባት ባለ መደገፊያ ወንበርም እንደምን ሰንብታችኋል? ፈጣሪ ከእኛ ከተመልካቾች የነሣውን ጥላ ለእርስዎ እንደጨመረልዎ ሁሉ ዕድሜም ይጨምርልዎ። ጃቢር ሷሊሕ እባላለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለማመስገን ብቻ ሲሆን፣ ምስጋናዬ ስለበዛብኝ በቁጥር ከፋፍዬዋለሁ።

1. ስለ አዲሱ የምድብ ድልድል። የቀሐው ኮሌጃችን ለዓመታት ከአዘዞና ከጠዳ ኮሌጆች ጋር ሲጫወት፣ ደጋፊው ቆሎውን ይዞ ሄዶ ለእራት ቤቱ ይደርስ ነበር። እርስዎ ይህን ኋላ ቀርነት አስወግደው ከሩቋ ሳንጃ ጋር መድበውናል። ምክንያቱም የሳንጃ ሰሊጥ ነጋዴዎች በሬዲዮ ማስታወቂያ ስለሚያስነግሩ፣ ሬዲዮ ጣቢያውም ማስታወቂያ ያለበትን ጨዋታ ስለሚመርጥ ነው ተብለናል። ሰሊጥ የማታበቅለው ጠዳ ከደባርቅ ጋር ተመደበች። እግር ኳስ በሰሊጥ ምርት እንደሚደለደል ሳናውቅ ማርጀታችን ያሳፍረናል።

2. ስለ ገንዘቡ። የስርጭት መብቱ በመቶ ሃያ ሺህ ብር መሸጡን በስብሰባ አብስረውናል። እኛ መብት ሲጣስ እንጂ ሲሸጥ አይተን ስለማናውቅ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብን። የኮሌጃችን ድርሻ ግን እስካሁን አንድ ኳስና የእርስዎ ፎቶግራፍ ያለበት አንድ ሸራ ሲሆን፣ የሳንጃን ደርሶ መልስ የቅጥቅጥ አውቶቡስ ኪራይ ተጫዋቾቹ ከኪሳቸው አዋጥተዋል። ገንዘቡ በአየር ሞገድ የሚመጣ በመሆኑ ይመስለኛል፣ ነገሩ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል።

3. ይህኛው ቀልድ ስለማይችል ቁጥሩን የሰጠሁት ለወግ ያህል ነው። አያ ማሩ ድሮ በሱቄ በረንዳ ላይ ልብስ ይሰፉ የነበሩ ጎረቤቴ ናቸው፤ ዓይናቸውን ካጡ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። የግብ ጠባቂያችን የምንይችል አባት ናቸው። በየጨዋታው አጠገባቸው ተቀምጬ ኳሱ የት እንደደረሰ በጆሯቸው እነግራቸው ነበር፤ ልጃቸውን የሚያዩት በዚህ ብቻ ነው። ዘንድሮ ግን የሊጉ ጥበቃ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ጨዋታን በድምፅ የማስተላለፍ መብት የሬዲዮ ጣቢያው ብቻ መሆኑን፣ ካላቆምሁም ከሜዳ እንደምወጣ አስረዳኝ። እኔ ብወጣ እሳቸውን እጃቸውን ይዞ ወደ ቤት የሚመራ ስለሌለ፣ ትንሽ ሬዲዮ ገዛሁላቸውና አፌን ዘጋሁ።

ባለፈው እሑድ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሳንጃዎች ፍጹም ቅጣት ምት አገኙ፤ ምንይችልም ተወርውሮ አዳነው። በዚያች ቅጽበት ሬዲዮው የሰሊጥ ማበጠሪያ ማሽን ያስተዋውቅ ነበር። ሜዳው በጩኸት ሲናወጥ አያ ማሩ ክንዴን ጨምድደው «ምነው ዝም አልህ? ልጄ ገባበት እንዴ?» ቢሉኝ፣ ጥበቃው ከኋላዬ ቆሞ ነበርና አልመለስሁላቸውም። ማስታወቂያው እስኪያልቅ ድረስ ክንዴን አልለቀቁም። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ምንይችል በሰኔ ይመረቃል፤ የቀረው አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፣ እሱም እዚሁ ቀሐ። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ የአንድ ሽማግሌ አንድ ጆሮ የስርጭት መብት ዋጋው ስንት እንደሆነ እንዲያስታውቁኝ ነው፤ የግራውን ብቻ፣ ያለ ማስታወቂያ። ዋጋው ካልተነገረኝ በመጪው እሑድ ጨዋታውን ከመጀመሪያው ፊሽካ እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁና፣ ጥበቃዎን ከወዲሁ እንዲያዘጋጁ በአክብሮት አሳስባለሁ። ጠንከር ያለውን ቢልኩልኝ ይመረጣል።

የእርስዎን ክብር ከሩቅም ከቅርብም እያየ የሚደነቅ፣ መብቱ ተሽጦ ግዴታው ብቻ የቀረለት ታዛዥዎ፣

ጃቢር ሷሊሕ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ምንይችል ኳሷን አድኖ፣ ሕዝቡም ጮኾ ጮኾ ጸጥ ካለ በኋላ፣ ልክ ማስታወቂያው ሲያልቅ፣ ጥላ ሥር ካሉት ባለ መደገፊያ የክብር ወንበሮች መካከል አንድ ሰው ሬዲዮ ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ብቻውን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አያ ማሩ «ማነው ይሄ ሰውዬ? እንደኔው ዓይነ ስውር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የማስተላለፍ መብቱ ተሽጧልና አልነገርኋቸውም።