«ቀስ በል» የሚለው ዘፈን

ለማልጠግብሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ብርዱን ቻለው? ገብሱ ተወቅቶ ገባ? እኔ ደህና ነኝ፤ አባዬም ከነሕመማቸው አሉ። ይህን ራስሽ አንብቢው፤ ለወንድሜ ለአገኘሁ እንኳ አትስጪው። በስልክ የሚነገር ስላልሆነልኝ ነው የጻፍኩት።

አባዬ ሹፌር ሳሉ ከጅቡቲ ያመጡትን የፈረንሳይኛ ዘፈን ታስታውሻለሽ። ካሴቱን ሲከፍቱት ፊትሽን ታዞሪ ነበር። አንድ ቀን «ያችን የጅቡቲ ሴትዮ እያስታወሰ ነው» ስትዪ ሰምቼ፣ እኔም አምኜሽ ኖርኩ። ለሕክምና እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ ካመጣኋቸው ወዲህ አንድ ጎናቸውና አንደበታቸው ተይዞ፣ ያንኑ ዜማ ብቻ ያንጎራጉራሉ። ተናደድኩባቸው፤ አልዋሽሽም።

ጎረቤቴ ብሩክታዊት ድሬዳዋ ያደገች ነርስ ናት፤ ፈረንሳይኛ ትችላለች። ቅዳሜ መርፌ ልትወጋቸው መጥታ ሲያንጎራጉሩ ብትሰማ ሳቋ መጣ። ከስልኳ ፈልጋ ከፈተችው። ምን ይላል አልኳት፣ እየፈራሁ። ሚስት ሹፌር ባሏ አጠገብ ተቀምጣ ነው አለች፤ «ቀስ በል እንጂ! ማን እያባረረህ ነው? ክላክሱን ተወው፣ ላሚቱ ትለፍ። እጄን ያዘኝ… ኧረ መሪውን ያዝ!» እያለች ትቀልድበታለች። ሌላ ነገር የለውም።

ለካ ትርጉሙን እሳቸውም አያውቁም ነበር! በደህናው እጃቸው ጭናቸውን እየመቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ፣ እማዬ፣ ስምሽን ጠሩ። ጥርት አድርገው። ቃሉን አንድ በአንድ እየጎተቱም፣ ከሠርጋችሁ ማግስት በጭነት መኪናው ከአርብ ገበያ ከተማ ይዘውሽ ሲወጡ፣ ጠመዝማዛው ላይ ክንዳቸውን ቆንጥጠሽ «ቀስ በል፣ አንተ ሰው!» ብለሽ እንደጮኽሽ ነገሩን። ደፍሬ፣ ጅቡቲ የሚናፍቅዎ ሰው አለ ወይ አልኳቸው። «ሙቀቱ እንጂ ማን አለኝ» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ጥቂት ጥቂት ይናገራሉ። ብዙውን ጊዜ ስላንቺ ነው።

ሐኪሙ ደግ ሰው ነው። ከእንግዲህ መመላለስ አያስፈልጋችሁም፣ የሚወዱትን አብሏቸው፣ ሰውም አይለያቸው ብሎኛል። ስለዚህ የዓርቡን ገበያ ተዪውና ነይ። ከብቶቹን ወንድሜ አገኘሁ ይያቸው። መናኸሪያ እጠብቅሻለሁ። መቼ ትመጣለች ሲሉኝ «መንገድ ላይ ናት» ብያቸዋለሁ፤ ውሸታም እንዳታደርጊኝ።

የቤተ ልሔሟ እመቤት መንገድሽን ታቅናልሽ፤ በሰላም ታገናኛችሁ።

ጉልበትሽን ስማ የምትሰናበትሽ
ልጅሽ