የመርዶው ክፍል

ለልጄ ለአለበል፣

የናፍቆት ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደኅና ነን፤ ዝናቡም በጊዜው ገብቷል።

እህትህ ራሔል በምትጽፈው የቴሌቪዥን ድራማ አንዲት እናት የጠፋ ልጇን ትጠብቃለች። የጣቢያው ኃላፊ፣ «ተመልካች መጠበቅ ሰልችቶታል፤ መርዶ ይነገራትና እንገላገል» አላት።

«ከፈለጉ እርስዎ ይግደሉት» ብላ ሥራውን ተወች።

ሰውዬው እቤት ድረስ መጣ። «እማማ፣ መርዶ በጎንደር ወግ እንዴት ነው የሚነገረው? እኔው ልጻፈው» አለኝ። በሰፈራችን መርዶ የማረዳው እኔ እንደሆንሁ ታውቃለህ።

«ረስቼዋለሁ» አልሁት።

ራሔል ቀና ብላ አየችኝ።

ይህንንም ደብዳቤ፣ መልስ እንዳላገኘሁባቸው እንደ ቀደሙት ሁለቱ፣ ወደ መተማ ለሚመላለሰው ሹፌር እሰጠዋለሁ። ስልክህን ስትከፍት ደውል።

ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ።

እናትህ የትነበርሽ