ሦስት አዝራር፣ ከዚያ ክዳን

ይድረስ ለምወድሽ ታናሽ እኅቴ፤

ክረምቱን ሙሉ ሲነዘንዝሽ የከረመው ጉልበትሽ ተሻለው ወይ እያልሁ፣ የልጅ ልጆችሽንም ደኅንነት አንድ በአንድ እየጠየቅሁ ሰላምታዬን አቀርብልሻለሁ፤ እኔ፣ መነጽሬ በየደረስሁበት ከመጥፋቱ በቀር፣ ምንም አልሆንሁም።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤቷ ድረስ እየሄድሁ ለብቻዋ የማስተምራትን የልብስ ሰፊዋን ልጅ ነገር ላጫውትሽ። ይህች የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ቃል ሲደራረብባት ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር የምትገባ በመሆኗ፣ ስድሳ ተማሪ ከሚንጫጫበት ክፍል ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው። እኔም፣ አርባ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንደበቴን የሳልሁ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን የሦስት ማዕዘንን ስፋት ግማሽ ሰዓት ያለ ዕረፍት ብተነትንላት፣ የእናቷን የአዝራር ጣሳ ታቅፋ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። በማግሥቱ ሕግ አወጣችልኝ፦ አንድ ነገር በነገርኋት ቁጥር አንድ አዝራር ጣሳው ውስጥ ትጥላለች፤ ሦስት ሲሞላ ክዳኑን ትገጥማለች፤ እስክትከፍተው እኔ ዝም። የምታውቂኝ አንቺ፣ ሳቂ እንግዲህ!

ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ገምጋሚ መጡ፤ ወይ በቤቷ እንድትማር ፈቃዱን ሊያድሱላት፣ ወይ ‹‹ትምህርት አይገባትም›› ብለው ከመዝገብ ሊሰርዟት። ክራባታቸውን አስተካክለው፣ እኔን እንኳ የሚያስቀና ረጅም ጥያቄ ከመጀመራቸው፣ ሦስት አዝራር ተከታትሎ ወደቀና ክዳኑ ቀጭ አለ። ምነው፣ ምን አጠፋሁ ቢሏት፣ ‹‹ሞልቷል፤ ይጠብቁ›› አለቻቸው። እናቷ የስፌት መኪናዋን እንደረገጠች ደርቃ ቀረች፤ እኔም ልማልድላት ከወንበሬ ብድግ ብዬ፣ ብናገር በሞላው ላይ እንደምጨምርባት ዐውቄ ተመልሼ ተቀመጥሁ።

ሰውየው ሰዓታቸውን አዩ፤ ጣሪያውን አዩ፤ ጠበቁ። ክዳኑ ሲነሣ ‹‹ይቀጥሉ፣ ግን ቀስ›› ተባሉና ጥያቄውን ቆራርሰው አቀረቡላት፤ እርሷም ከወለሉ ላይ አራት ማዕዘን ቁራጭ ጨርቅ አንሥታ፣ በሰያፍ አጥፋ፣ ሦስት ማዕዘኑ የጨርቁ እኩሌታ መሆኑን አሳየቻቸውና፣ ‹‹ገባዎት ወይስ ልድገምልዎት?›› ብላቸው ዐረፈችው። ገምጋሚው ዕንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ለሁለት ዓመትም ፈረሙ። ወደ አንቺ ጠቅልዬ ልመጣ፣ እርሷን ማስተማሩን ልለቅ መሆኔን ሰምተው ኖሮ፣ ወጣት መምህር ልመድብልሽ ወይ ብለው ቢጠይቋት፣ ‹‹ኧረ ተዉኝ! እኚህን ስንት ደክሜ አስለምጄ፣ ሌላ ሰው እንደገና ከሀ አልጀምርም›› አለች። በዘመኔ ብዙ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንዲህ ያለ ግን አልደረሰኝም።

እንግዲህ እኅቴ፣ ለእኔ ብለሽ ቀለም ያስቀባሽው ክፍል ፀሐይ የሚገባበት ስለሆነ፣ ለልጆቹ ማጥኛ ቢሆን ያምርበታል። አስቀድሜ የላክሁልሽን ሁለት ሣጥን መጻሕፍት በተገኘው መኪና ብትመልሺልኝ ውለታሽ አይረሳኝም፤ የሒሳቦቹ ግን ከሁሉ ይቅደሙ።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ፤ እኔንም እንዳትቆጪኝ ልብሽን ያራራልኝ።

ሁልጊዜ የሚያስብሽ
ታላቅ ወንድምሽ